«ግራጫው ለምን አመድ መሰለብኝ?» ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ትናንት ማታ አይቼ ልመልስልሽ ስል መብራት ሄደ። ዛሬ ተረጋግቼ ልጻፍልሽ፤ ትንሽ ይረዝማል።

ያልሽው ባጭሩ ይኸው ነው። አራት በአምስት ሜትር የሆነች ክፍል ተከራይተሽ ለሀበሻ ልብስ ዲዛይነሮች ፎቶ ማንሳት ጀምረሻል። ነጭ ባክግራውንድ ላይ ነጩ ቀሚስ ጠፋብሽ። ጥቁር ላይ ደግሞ የሞዴሏ ፀጉር ጠፋ። «ግራጫ ግዢና ተገላገዪ» አሉሽ፣ ገዛሽ። አሁን ፎቶው አንዴ ሰማያዊ፣ አንዴ አመድ ይሆናል፤ ከሞዴሏ ጀርባም ጥላ አለ። ሌላ ግራጫ ልግዛ ወይ ነው የምትዪው።

አትግዢ። የገዛሽው ግራጫ የባክግራውንድ ወረቀት ምንም አልሆነም። እኔ የምጠረጥረው ሞዴሏ የቆመችበትን ቦታ ነው።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ አንዲት ዲዛይነር አሥራ ሁለት ቀሚስ ይዛ መጣች። ክፍሌ ያንቺን ታክል ነበር። ግድግዳውን አከራዬ የሎሚ ቀለም ቀብቶታል። ሞዴሏን ከግራጫው ጨርቅ አንድ እርምጃ ወደፊት አቆምኳት፤ ሁለት ሶፍትቦክስ (ብርሃኑን የሚያለሰልስ፣ ፊቱ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ የላይት ሳጥን) ግራና ቀኝ ተከልኩ። በካሜራዋ ትንሽ ስክሪን ሁሉም ያምር ነበር። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግራጫው ወደ አረንጓዴ ሄዷል። ጥለቱ ፈዟል። ከትከሻዋ ጀርባ ግራና ቀኝ ጥላ ተለጥፏል። ሴትዮዋ አየችውና «ልብሴን ምድጃ ዳር ነው እንዴ ያነሳኸው?» አለችኝ። አሥራ ሁለቱንም በነፃ ደግሜ አነሳሁ።

አሁን ወደ ነገሩ። መካከለኛ የሚባለው ግራጫ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ነጭ ወረቀት 90 በመቶ ገደማ ይመልሳል። ስለዚህ ግራጫ መሃል ላይ ያለ ነገር ነው፤ ብርሃን ስትጨምሪለት ወደ ነጭ፣ ስትነፍጊው ወደ ጥቁር ይሄዳል። የገዛሽውን ግራጫ ራሱን ፎቶው ላይ ማየት ከፈለግሽ ወረቀቱና ሞዴሏ እኩል ብርሃን ማግኘት አለባቸው። ለወረቀቱ ብቻ ሌላ ላይት አብርተሽ ከሞዴሏ ሁለት ስቶፕ ተኩል ካስበለጥሽው ነጭ ይሆናል (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ወይም በግማሽ ሲቀንስ ነው)። ሙሉ በሙሉ ከነፈግሽው ደግሞ ከሰል ነው። አንድ ጥቅል ወረቀት ሦስት ባክግራውንድ ሆነ ማለት ነው።

መንፈጊያው ርቀት ነው። ከላይቱ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ሁለት ስቶፕ። ሶፍትቦክሱ ከሞዴሏ ሁለት ሜትር፣ ወረቀቱ ከሞዴሏ ኋላ ሁለት ሜትር ቢሆን ወረቀቱ ከእሷ ሁለት ስቶፕ ያህል ይጨልማል። ጥላውም ከእይታ ውጭ ወለሉ ላይ ይወድቃል። አንድ እርምጃ ላይ ስታቆሚያት ግን ለፊቷ ያበራሽው ሁሉ ወረቀቱንም ያበራል። ያኔ ግራጫው አይጨልም፣ አይነጣ፤ ዝም ብሎ አመድ ነው።

በነገራችን ላይ ነጭ ወረቀትም ሁለት ስቶፕ ሲጨልም ግራጫ ይወጣዋል፤ 90ን ለአራት ብታካፍዪው 22 ተኩል ነው። ታዲያ ነጩ ለምን አይበቃም? ትንሽ ክፍል ውስጥ ነጭን ማጨለም ራስ ምታት ስለሆነ። የደረሰበትን ብርሃን መልሶ ይረጨዋል።

ላንቺ ክፍል እንዲህ አድርጊ። ወረቀቱን አጭሩ ግድግዳ ላይ ስቀዪ፤ በርሽ ከፊት ለፊቱ ከሆነ እድለኛ ነሽ። ሞዴሏን ሁለት ሜትር ወደፊት አምጪ። የቀረሽ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ ቆመሽ ሙሉ ቁመት በ35 ሚሊሜትር ሌንስ ብታነሺ (ፉል ፍሬም ካሜራ ነው ያልሽው) ቁመቷ ይገባል፤ ግን ሌንሱ ወረቀቱ አካባቢ ሦስት ሜትር ስፋት ያያል፣ ወረቀቱ ደግሞ 2.72 ነው። ጠርዙ ይታይብሻል። በሩን ክፈቺና አንድ ሜትር ወደ ኮሪደሩ ውጪ፤ በ50 አንሺ። ያኔ ወረቀቱ ለጥቂት ይበቃል። ጎረቤት ቡና ይዞ ሲያልፍ «አንዴ ይቅርታ» ማለት አለ፤ እኔ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት።

ሰማያዊው ነገር ሌላ ጉዳይ ነው። ከመስኮት የቀን ብርሃን እየገባ፣ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት አምፑል እየበራ ከሆነ ሁለቱ ይጣላሉ። ቀይ ባክግራውንድ ቢሆን ማንም አያስተውለውም። ግራጫ ግን የራሱ ቀለም ስለሌለው የመጣውን ሁሉ ያሳያል፤ ግድግዳ፣ መስኮት፣ የረዳትሽን ቢጫ ቲሸርት ሳይቀር። መስኮቱን ዝጊ። የጣሪያውን አምፑል አጥፊ። ከሞዴሏ ግራና ቀኝ ባለው ግድግዳ ላይ ጥቁር ጨርቅ ስቀዪ፤ የከፋይ ጨርቅ ከተገኘ ብርሃን በደንብ ይውጣል። ዋይት ባላንሱን (ካሜራው ቀለምን ከብርሃኑ ዓይነት ጋር የሚያስተካክልበትን) አውቶ ላይ አትተዪው፤ ከፎቶ ፎቶ ይቀያየርብሻል። ፍላሽ ከሆነ 5500 ኬልቪን አካባቢ ቆልፊው። የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ሞዴሏ ግራጫ ካርድ ትያዝ፣ ኋላ ኮምፒውተር ላይ ቀለሙን በእሱ ታስተካክያለሽ፤ ልብስ በቀየረች ቁጥርም እንደዚያው። አምስት ሰከንድ ነው።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ፣ ልብሱ። ለሀበሻ ልብስ ግራጫን የምመርጠው በነጠላው ጠርዝ የተነሳ ነው። ነጠላ ሳሳ ያለ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል። ነጭ ባክግራውንድ በደንብ ሲበራ ከኋላ የሚመለሰው ብርሃን ጠርዙን ይበላዋል፤ ሸማኔው ቀን ሙሉ የደከመበት ጥበብ ጭስ ይሆናል። ጥቁር ላይ ጠርዙ ይወጣል፤ ግን ጥቁር ፀጉር እንዳይጠፋ ከኋላ ተጨማሪ ላይት ያስፈልጋል፣ ልብሱም ካለቅጥ ይጮኻል። ግራጫ ላይ ነጩም ጥቁሩም ቦታ አለው። ጥለቱ ቀይ ይሁን ወርቅማ፣ ግራጫ አይሻማውም። ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን) ግን ለፊት ብቻ አትለኪ። ፎቶውን አጉይተሽ ቀሚሱ ላይ ፈትሉን እይ። ፈትሉ ካልታየሽ ነጩ ተቃጥሏል፤ ግማሽ ስቶፕ ቀንሺ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። የብዙዎቻችን ቆዳ ድምቀቱ ከመካከለኛ ግራጫ ብዙም አይርቅም። በከለር አይታወቅም፤ ዲዛይነሯ «ብላክ ኤንድ ዋይት አድርጊልኝ» ስትል ነው ጉንጩና ባክግራውንዱ የሚዋሃዱት። ስለዚህ ባክግራውንዱን ከፊቷ ቢያንስ አንድ ስቶፕ አጨልሚ ወይም አድምቂ። ፀጉሯ ጎፈሬ ከሆነ እኔ ማድመቁን እመርጣለሁ፤ ቅርጹ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ወረቀት ወይስ ጨርቅ ላልሽው፣ ወረቀት ይሻላል፤ አይጨማደድም። ግን ውጭ አገር ያለ ዘመድ በሻንጣ ይዞልሽ የሚመጣው ነገር አይደለም። ስለዚህ ቆጥቢው። የጫማውን ሶል በፕላስተር ሸፍኚ፣ የቆሸሸውን ጫፍ ብቻ ቁረጪ። ጥቅሉን አቁመሽ አስቀምጪ፤ አስተኝተሽው ከከረመ ማዕበል ይሠራል። ሳቲን ወይም የሚያብረቀርቅ ፖሊስተር ግን በነፃ ቢሰጡሽም ተዪው።

እኔ አሁን በብዛት የምጠቀመው ራሴ የቀባሁትን አቡጀዲ ነው። ከመርካቶ ገዝቼ ልብስ ሰፊ ጋር 3 በ5 ሜትር አድርጌ አሰፋሁት። ጣውላ ላይ ወጥሬ፣ በውሃ በቀጠነ የማያብረቀርቅ የግድግዳ ቀለም ሦስት ዓይነት ግራጫ ቀላቀልኩ። መሃለኛውን ሙሉውን፣ ፈካ ያለውን በስፖንጅ መሃሉ ላይ፣ ጠቆር ያለውን ጠርዙ ላይ። ሲደርቅ ካሰብኩት በላይ ጠቆረ፤ አንቺ መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክሪው። የዘይት ቀለም እንዳትነኪ፣ ያብረቀርቃል። ሲያልቅ ፒቪሲ ቱቦ ላይ ጠቅልዪው፣ አትጠፊው። ይህ የድህነት ዘዴ እንዳይመስልሽ። አሜሪካዊው ፎቶግራፈር ኢርቪንግ ፔን እ.ኤ.አ. በ1950 ፓሪስ ውስጥ ለቮግ የፋሽን መጽሔት ልብስ ሲያነሳ ከኋላ የሰቀለው ደመና የመሰለ ግራጫ የተቀባ አሮጌ የቲያትር መጋረጃ ነበር። ብርሃኑም የመስኮት ነው። መጋረጃውን ለአሥርት ዓመታት ይዞት ኖሯል።

ግራጫ የማይሆንበትም አለ። ለኦንላይን ሽያጭ ልብሱ ተቆርጦ ነጭ ላይ የሚለጠፍ ከሆነ ከመጀመሪያው ነጭ ላይ አንሺው። ሙሽሮችም ግራጫውን ሲያዩ «አበባ ያለው የለም?» ይሉሻል፤ በድሮ ፎቶ ቤት ፏፏቴ መጋረጃ ያደጉ እናት አብረው ከመጡ ደግሞ ክርክር ውስጥ አትግቢ፣ አበባውን ስቀዪላቸው።

የግድግዳሽን ቀለምና ስንት ላይት እንዳለሽ አልጻፍሽም። ካነሳሻቸው አንዱን ሳትነካኪ እዚሁ ለጥፊው፤ ጥላው የወደቀበትን አይቼ ላይቱን የት እንደምታዞሪው እነግርሻለሁ።