«መሬት ትይዛለች አይደል?»

ባለፈው ሳምንት የጓደኛዬ ልጅ በቴሌግራም የመኪና ፎቶ ላከችልኝ። የ1966 ፎርድ ማስታንግ ናት፤ ቀይ፣ ባለ 289 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር። ልጅቷ ነርስ ናት። ለዚህች መኪና ሦስት ዓመት አጠራቅማለች። ከፎቶው ሥር እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ጋሼ፣ የድሮ መኪና ከባድ ስለሆነች መሬት ትይዛለች አይደል?»

ለመመለስ ስልኬን ሦስቴ አነሳሁ፣ ሦስቴ መልሼ አስቀመጥኩት። ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና ስጠግን ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ሆኖኛል። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። በ1996 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ይህንኑ ጥያቄ አንድ ልጅ ጠይቆኝ ነበር። ያኔ የሰጠሁት መልስ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል።

ልጁ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነበር። ዲሲ መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና እያቆመ የራሱን ያልማል። በመጨረሻ ገዛ፤ የ1968 ሼቬል ኤስኤስ 396። አሜሪካኖች መስል ካር ከሚሏቸው አንዷ ናት። ስድስት ሊትር ተኩል ሞተር፣ 325 የፈረስ ጉልበት። በዚያ ዘመን ጉልበቱን የሚለኩት ሞተሩን ለብቻው አስቀምጠው ስለነበር ቁጥሩ ትንሽ ይዋሻል። ቢሆንም ነዳጅ ስትሰጧት ወንበሩ ውስጥ ትቀብራችኋለች።

ወደ ጋራዡ ሲያመጣት በኪሱ 1,200 ዶላር ቀርቶት ነበር። «ጋሼ፣ ጎማ ልቀይርና ፊት ለፊት ዲስክ ፍሬን ላስገባላት?» አለኝ። አራቱም እግሯ ታምቡር ፍሬን ነበር፣ ሸራው በተዘጋ ከበሮ ውስጥ ሆኖ የሚይዘው የድሮው ዓይነት፤ በ1968 ዲስክ የሚፈልግ ሰው ጨምሮ ይከፍል ነበር። ጎማዎቹን አየሁ። ጥርሳቸው ሙሉ ነው፤ ላስቲኩ ግን በጥፍር ስትነኩት ድንጋይ ነው። ስንት ዓመት ቆሞ እንደደረቀ እግዜር ይወቅ።

እኔ ምን አልኩት? «ጎማው ሊሾ አልሆነ፣ ፍሬኑም ይይዛል። ይልቅ ካርቡሬተር እንቀይርላትና ጭስ ማውጫዋን እንክፈተው።» እውነቱን ልናገር፤ ድምፁን መስማት የፈለግኩት እኔ ነበርኩ። ሁለት ቅዳሜና እሁድ ሠራንባት። አዲስ ሆሊ ካርቡሬተር አስገባን። ስትነሳ የጎረቤት መስኮት ይንቀጠቀጣል።

በጥቅምት አንድ እሁድ፣ ካፊያ እያለ፣ ሮክ ክሪክ ፓርክዌይን ይዘን ወጣን። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጠባብ ነው፣ ይጠማዘዛል፣ ዛፉ እላዩ ላይ ነው። ቅጠል ረግፎ አስፋልቱ ላይ ተለጥፏል። ልጁ ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው። እኔ ግን «እስቲ ቁልፉን ስጠኝ፣ ላሳይህ» አልኩት።

የዚያን ዘመን መሪ ያልያዘ ሰው አይገባውም። በአንድ ጣት ይዞራል፤ ግን ከእጃችሁ ወደ ጎማው፣ ከጎማው ወደ እጃችሁ የሚመጣ ወሬ የለም። ትንሽ ስታዞሩት ምንም አይሆንም። ትጨምራላችሁ፤ ከዚያ ዘግይታ ትመጣለች፣ ገላዋ ወደ ጎን ይጋደማል። የብረት ክምር የሆነው ሞተር አፍንጫዋ ላይ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ ኩርባ ላይ መሪውን ወደ ግራ ብታዞሩም አፍንጫዋ ቀጥ ብላ መሄድ ትወዳለች።

እንደዚያው ሆነ። ኩርባው ወደ ግራ ነበር፤ እሷ ቀጥ አለች። ነዳጁን ለቅቄ ፍሬን ረገጥኩ። እርጥብ ታምቡር ፍሬን እኩል አይዝም፤ የቀኙ ቀድሞ ያዘ። ጎማው ቆመና ቅጠሉ ላይ ተንሸራተተ። የቆመ ጎማ ደግሞ መሪ አይሰማም። በመኪናዋ ቀኝ በኩል አንድ ትልቅ ዛፍ አገኘን። ልጁ የተቀመጠው በዚያ በኩል ነበር።

የዚያ ዘመን የትከሻ ቀበቶ ከወገቡ ቀበቶ የተለየ ነው፤ ከበሩ በላይ ጣሪያው ላይ ተሰቅሎ ይቀመጣል። ማንም አውርዶ አያስረውም ነበር። እኛም አላሰርነውም። ቅንድቡ ተሰነጠቀ፤ ሐኪም ቤት ሰፉለት። ጉዳቱ ይህ ብቻ በመሆኑ አሁንም ተመስገን እላለሁ።

የሚቆረቁረኝ ግን ግጭቱ አይደለም። ከመኪናዋ ወርደን፣ ልጁ ግንባሩን በሹራቡ ይዞ «ምን ሆነ ጋሼ?» ሲለኝ፣ «ፍሬን በጠሰች» አልኩት። ፍሬኑ ግን አልበጠሰም። እንደ ተሠራበት ነበር የሠራው። ልጁ መኪናዋን በብረት ዋጋ ሸጣት። እኔ ጋ መምጣት ቀነሰ፣ በኋላም ወደ ዴንቨር ሄደ።

እኔን የሚገርመኝ ታምቡር ፍሬንን ከማንም በላይ የማውቅ ሰው መሆኔ ነው። ልጅ ሆኜ አጎቴ ፊያት የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበርኩ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ የሚቃጠለውን የፍሬን ሸራ ሽታ አሁንም አልረሳሁትም። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ሲግል መያዙን ይተዋል። ሙቀቱ ውስጥ ታፍኖ ይቀራል። ዲስክ ግን ንፋስ ላይ ስለሆነ ቶሎ ይበርዳል፣ ውኃውንም ከላዩ አሽቀንጥሮ ይጥላል። አጎቴ «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» ይል ነበር። ፍሬን አያምንም ነበር። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ወርዶ ጎማዎቹን በመዳፉ ይዳስሳል፤ እኔ ውኃ ይዤ እከተለዋለሁ። ያን ሁሉ አውቄ አሜሪካ ስመጣ ድምፅ አታለለኝ።

ወደ ነርሷ ልመለስ። ልጄ፣ በመጀመሪያ መኪናሽ ከባድ አይደለችም። የ1966ቷ ማስታንግ ከዛሬዋ ማስታንግ በብዙ መቶ ኪሎ ትቀላለች። መሬት የሚያስይዘው ክብደት አይደለም፤ ጎማውና ጎማውን መሬት ላይ ለጥፎ የሚይዘው ሞላና ሾክ ነው። ያንቺዋ ኋላዋ አንድ ወጥ አክሰል በባሌስትራ ላይ ነው። አንዱ እግር ጉድጓድ ሲገባ ሌላው አብሮ ይዘላል። ማስታንግ ይህን ነገር ከአንዳንድ ልዩ ሞዴሎች በቀር እስከ 2014 ድረስ አልተወችም፤ ከ2015 ሞዴል ጀምሮ ነው የኋላ እግሮቿ ለየብቻ የሆኑት።

ቀለሙን ተይው፣ ሞተሩንም ተይው። ጎማው ጎን ላይ ያሉትን የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች እዪ። 2318 ካለ በ2018 በሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢያምርም ካረጀ አውጥተሽ ጣዪው። ከዚያ ፊት ለፊት ዲስክ። አላይመንት (የጎማዎቹን አቀማመጥ ማስተካከል) ስታሠሪ በፋብሪካው የድሮ ቁጥር እንዳያደርጉልሽ፤ ያ ቁጥር ለዚያ ዘመን ጎማ ነው። ለዛሬው ራዲያል ጎማ ካስተሩ፣ ማለት የፊት ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት መጠን፣ ይጨመር፤ መሪው ቀጥ ይላል፣ ከኩርባም ራሱ ይመለሳል። አንድ ደግሞ የምወደው ነገር አለ። የፊት ጎማውን ከላይ የሚይዘውን ክንድ አንድ ኢንች ዝቅ አድርጎ ማሰር። የውድድር መኪና ሠሪው ሼልቢ ከማስታንግ በሠራት በ1965ቷ ጂቲ 350 ላይ ያደረገው ነው። ሥራው አራት ቀዳዳ መብሳት ብቻ ነው፤ ከውስጥ ስትነጂ ግን ሌላ መኪና ናት።

የዛሬ ልጆች ደግሞ አትቆጡኝና መንዳት አትችሉም። ኮምፒውተሩ ነው የሚነዳላችሁ። ከ2012 ሞዴል ወዲህ እዚህ አገር የሚሸጥ አዲስ መኪና ሁሉ መንሸራተት ሲጀምር ራሱ አንዱን እግር ለይቶ ፍሬን ይይዛል። እናንተ «እጄ ጥሩ ነው» ትላላችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ባለመኪኖች ቡና ከሚጠጡበት ሲወጡ ለቪዲዮ ብለው ያንን ያጠፉትና አጥር ላይ ይወጣሉ። የእኛ ዘመን ሰው መኪናውን በቂጡ ይሰማ ነበር።

ይሰማ ነበር ስል ራሴን ታዘብኩ። ያን ቀን ሮክ ክሪክ ላይ የሚስቴን ካምሪ ብይዝ ኖሮ ዛፉን በሩቁ እያየነው እናልፍ ነበር።

ለልጅቷ ይህን ሁሉ ከጻፍኩላት በኋላ ማታ ዴንቨር ደወልኩ። ልጁ አሁን ሃምሳ ሞልቶታል፤ የራሱ ከባድ መኪና አለው፣ ተራራ ለተራራ ነው የሚውለው። ከሰላምታው በኋላ አፌ እየተሳሰረ «ያኔ ፍሬኑ አልበጠሰም ነበር» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ ሳቀ። «ጋሼ፣ በማግስቱ የተጎተተችበት ግቢ ሄጄ ፔዳሉን ረግጬዋለሁ እኮ። ድንጋይ ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?»

«ምን ልበልህ? ታላቄ ነህ» አለና ትንሽ ቆይቶ ጠየቀኝ፦ «ካርቡሬተሩስ የት ደረሰ?»

ጋራዡ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው፤ በጨርቅ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ነገርኩት። የፖስታውን እሱ እንደሚከፍል ነገረኝ፤ እምቢ አልኩት።