ያመሰገነም «ሃያሲ» ይባላል ወይ?

ጠያቂዬ የሚኖሩት እዚሁ ባሕር ዳር ነው። እንዲህ ይላሉ፦ «ስለ ‹ዘ ሲግናል› የሆረር ፊልም እየጻፍኩ ነው። ‹ሃያሲዎች ፊልሙን አወደሱት› ብዬ ነበር። ጓደኛዬ ‹ሂስ ነቀፌታ ነው፤ ነቃፊ እንዴት ያወድሳል?› ብሎ ሰረዘብኝ። ማን ነው ልክ? ደግሞስ ‹ሲግናል›ን ‹ሞገድ› ልበለው?»

ጓደኛዎ ግእዝ ቀመስ ሳይሆን አይቀርም። ቃሉ ሔሰ ከሚለው የግእዝ ግሥ የመጣ ነው። ነቀፈ፣ ዘለፈ ማለት ነው። ስሙ ሒስ፣ አድራጊው ሐያሲ። ሤመ ብሎ ሠያሚ፣ ሤጠ ብሎ ሠያጢ እንደሚል ማለት ነው። ፊደሉም ሐመሩ ሐ ነበር። ዛሬ ሁሉም በሃሌታው ይጽፈዋል። እኔም ተሸንፌ እጽፋለሁ፤ ዓይኔን ግን ይቆረቁረኛል።

«ሂስ ከጥንትም ሚዛን ነው፤ ጥሩውንም መጥፎውንም ይለያል» የሚሉ አሉ። የለም! ሚዛኑን ያሸከምነው እኛ ነን፣ ያውም በቅርቡ። በደርግ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» ሲባል የነበረውን ያስታውሱ። ሰው ተነስቶ ጓዱን ሂስ ያደርጋል፣ ቀጥሎ ራሱን። እዚያ መድረክ ላይ ሂስ ተደርጎ የተመሰገነ ሰው አላየሁም።

«እንግዲያው ግምገማ በለው» ይሉኛል። አይሆንም። ከ1983 በኋላ የመጣውን የግምገማ ስብሰባ የቀመሰ ሰው ያውቀዋል። ቃሉን ስሰማ የሚታየኝ ፊልም ሳይሆን ወንበሩን የሚያጣ ሠራተኛ ነው። «ትችት»ንም አልወደውም። ለዚህ ምክንያት አትጠይቁኝ፤ ጆሮዬ አይቀበለውም፣ በቃ።

የእኔ ምርጫ «ሐተታ» ነበር። ሐተተ መረመረ፣ ጠየቀ ነው። ከመመርመር የሚሻል ምን አለ? «የፊልም ሐተታ» በሉ ብዬ ስንቱን ተማሪ ለመንኩ። አንድም አልሰማኝም። ለካ ሰው «ሐተታ አታብዛ» እያለ ቃሉን ድሮ ገድሎታል።

ቅኔ ቤት ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። ዋሸራ ይሁን ሌላ ቦታ፣ ተማሪው ቅኔውን ይነግራል። ከሰመረለት «ይበል!» ይባላል። ካልሰመረለት የኔታ ያርሙታል። የሚያርመውም ይበል የሚለውም አንድ አፍ ነው።

ፊልሙን እኔም አይቼዋለሁ። በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮና በስልክ የሚመጣ እንግዳ ሲግናል ሰውን ነፍሰ ገዳይ ያደርገዋል። ሦስት ዳይሬክተሮች ሦስት ክፍል አድርገው፣ በ50 ሺህ ዶላር ገደማ አትላንታ ውስጥ ሠሩት። እ.ኤ.አ. በ2007 ሰንዳንስ ፌስቲቫል ላይ ታየ። በዚያች ገንዘብ ያን ያህል ማስጨነቁን ብዙዎች አደነቁለት። መካከለኛው ክፍል ወደ ቀልድ መዞሩ ግን አከራከረ። አንዱ ይበል ያለበትን ሌላው ነቀፈው። አንዳንዱ ደግሞ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱንም አደረገ። እንግዲህ ይህን ሰው እስከ ሦስተኛው አንቀጽ «አወዳሽ»፣ ከአራተኛው ጀምሮ «ሃያሲ» ልንለው ነው?

አንልም። ሳልወድ በግዴ፣ ለእርስዎ እፈርድልዎታለሁ። ዛሬ ሃያሲ ማለት ሥራን አይቶ የሚፈርድ ነው፤ ፍርዱ ምስጋናም ሊሆን ይችላል። ዐረፍተ ነገርዎን ይመልሱት። ብቻ «ሃያሲዎች» ከሚሉ «ሃያስያን» ቢሉልኝ ደስ ይለኛል። ይቺን እንኳ አትንፈጉኝ።

«ሞገድ» ለሬዲዮ የተለመደ ነው፤ ስህተት የለበትም። ግን የምንጽፈው ጣና ዳር ሆነን ነው። እዚህ ሞገድ ተነሣ ሲባል ሰው የሚያስበው ታንኳውን እንጂ ስልኩን አይደለም። «ሲግናል» ብለው ይተዉት።