ሦስት አባት ያለው ቅድመ አያት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ነው። አምና አባቴ አረፈ። ሣጥኑን ስንከፍት የቅድመ አያቴን ወረቀቶች አገኘሁ። በመሬት ግብር ደረሰኙ ላይ የቅድመ አያቴ አባት «አባ» ብሎ በሚጀምር ስም ተጽፏል። በጋብቻ ውሉ ላይ ግን ሌላ፣ የክርስቲያን ስም ነው ያለው። ሰቃ የሚኖሩት የአባቴ አክስት፣ የቅድመ አያቴ የገዛ ልጅ ማለት ነው፣ ሁለቱንም ስም አይቀበሉም። «አባቴማ በልጅነቱ ከዳውሮ በኩል የመጣ ነው» ይሉና ዝም ይላሉ። አባ ጅፋር ሲሞቱ ሚስት አግብቶ እንደነበር ግን ይናገራሉ። ትክክለኛው አባት የቱ ነው? ስሞቹን እንዳያወጡብኝ አደራ።
አንባቢ፣ ከጅማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እግዜር ያጥናህ። ስሞቹን አላወጣሁም። ደብዳቤህን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። አንዱን ወረቀት እውነት፣ ሌላውን ውሸት ለማድረግ አትቸኩል። ሦስቱም የየራሳቸው እውነት ሊኖራቸው ይችላል።

ከ«አባ» ልጀምር። በጅማና በጊቤ አካባቢ «አባ እገሌ» ብዙ ጊዜ የፈረስ ስም ነው። ሰውየው በፈረሱ ስም ሲጠራ ይኖርና እናቱ ያወጣችለት ስም ይረሳል። አንድ የፈረስ ስም ደግሞ ለብዙ ሰው ይሆናል። የነገሥታቱን ተመልከት። አባ ጅፋር የሚባሉ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የአባ መጋል ልጅ ናቸው። ጅሬን ላይ ቤተ መንግሥታቸውን የምናየው ሁለተኛው አባ ጅፋር ግን የአባ ጎሞል ልጅ ናቸው። አባ ጎሞል የአባ ቦቃ ልጅ፣ አባ ቦቃ ደግሞ የመጀመሪያው አባ ጅፋር ወንድም። ስማቸው አንድ ስለሆነ ብቻ ሁለተኛውን የመጀመሪያው የልጅ ልጅ ያደረገ ሰው ተሳሳተ። ስለዚህ የደረሰኙን «አባ» ይዘህ በሰፈሩ ካለ ሌላ «አባ» ጋር አታጋባው። የተወለደበትን ስም ጠይቅ።

የጋብቻ ውሉ ላይ ያለው ስም ሌላ መንገድ አለው። በልጅነቱ ሳይሆን ካደገ በኋላ ክርስትና የተነሳ ሰው፣ የክርስትና አባቱ እንደ አባት ሊጻፍለት ይችላል። የዚያን ሰው ስም በውሉ ምስክሮች ወይም በሌላ የቤታችሁ ወረቀት ላይ ፈልገው።

አሁን ወደ ዳውሮ። እዚህ ላይ ቀስ እንበል። የጅማው ሂርማታ ገበያ ቡናና ማር ብቻ አልነበረም የሚሸጥበት። ሰውም ይሸጥበት ነበር። ከካፋ፣ ከዳውሮና ከሌላም አካባቢ የመጡ ልጆች በዚህ አልፈዋል። ባርነትን የሚገድብ አዋጅ በ1916 ዓ.ም. ወጣ፤ ጨርሶ የሚከለክለው ሕግ የወጣው ግን ጣሊያን ከተባረረ በኋላ፣ በ1934 ነው። እንዲህ የመጣ ልጅ ባደገበት ቤት አባወራ ስም ይጠራ ነበር። ቅድመ አያትህ እንደዚያ ነበሩ እያልኩ አይደለም። ከዘመድ ጋር ወይም ከነጋዴ ጋር መጥተው ይሆናል፤ በጉዲፈቻም ያደጉ ይሆናል። በኦሮሞ ባህል በጉዲፈቻ የገባ ልጅ የቤቱ ልጅ ነው፤ ስሙም ውርሱም ይሰጠዋል። ለእነሱ አባቱ አሳዳጊው ነው። አንተ ከመቶ ዓመት በኋላ ወረቀት ይዘህ ስትመጣ ነው ሁለት አባት የሚሆነው።

የእኔም ቤት እንዲህ ነበር። የእናቴ እናት የአንድ ነጋዴ ልጅ ናት ሲባል ነው ያደግኩት። በተዝካሯ ቀን አንዲት አሮጊት ጓዳ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡና «ያሳደጋት እሱ ነው እንጂ የወለዳትስ ሌላ ነው» አሉኝ። እኔ ደግሞ በጉጉት ተነስቼ ሰው በተሰበሰበበት ጠየቅኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ አልነገሩኝም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ አክስትህን ለብቻቸው ጠይቃቸው። ስኳርና ቡና ይዘህ ሂድ። «የማን ልጅ ነው?» ብለህ አትጀምር። «ማን ቤት አደገ? ለልቅሶው ከሩቅ የመጡት እነማን ነበሩ? የማንን መሬት ወረሰ?» በል። ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ከየትኞቹ ቤቶች ጋር እንዳትጋቡ ተከለከላችሁ?» ስም ሲጠፋ እንኳ ክልከላው ይቀራል። አማራው ሰባት ቤት ይቆጥራል፣ ኦሮሞው ጎሳውን ይጠይቃል። አንድ ቤት «ወንድማችን ነው፣ አንጋባም» ካለ፣ የተረሳው አባት እዚያ ቤት አለ ማለት ይሆናል። ክልከላው ከአሳዳጊው ቤት ጋር ብቻ ከሆነ ግን ወላጁን ገና አላገኘኸውም። ስለ እናቱም ጠይቅ። የሴቶቹን ስም የሚጽፍ ስለሌለ እንጂ፣ ብዙ ጊዜ ቋጠሮው የሚፈታው በእናት በኩል ነው።

ዘመኑን አክስትህ ሰጥተውሃል። ሁለተኛው አባ ጅፋር የሞቱት በአውሮፓውያን 1932፣ በእኛ 1925 ገደማ ነው። ያኔ ሚስት ካገቡ፣ ከ1905 ዓ.ም. በኋላ ተወለዱ ብሎ ማሰብ ይከብዳል። በዚያ ዘመን የልደት ምዝገባ የለም። በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነውና የልደት ወረቀት ፍለጋ አትድከም። ይልቅ የውርስ ክርክር ፈልግ። ሰው ለመሬት ሲካሰስ ምስክር ቆሞ «እገሌ እገሌን ወለደ» ብሎ ይምላል። ሙስሊም ዘመዶች ካሏችሁ የሸሪዓ ፍርድ ቤቱንም ጠይቅ። አዲስ አበባ ስትሄድ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ግባ፤ የታሪክ ተማሪዎች ሽማግሌ ጠይቀው የጻፏቸው የመመረቂያ ጽሑፎች አሉ።

ደረሰኙ ግብሩን ማን እንደከፈለ ይነግርሃል። ማን እንደወለደው አይነግርህም። የገጠር መሬት በ1967 ሲወረስ ብዙ ሰው ደረሰኙን ጥሏል፤ አባትህ ማስቀመጣቸው ትልቅ ነገር ነው። ሰቃ ስትሄድ ዋናውን አትያዝ፣ ኮፒ ያዝ። ከመሄድህ በፊት ጀርባውን ገልብጠህ እይ፤ የቦታው ስም ወይም የምስክር ስም በእርሳስ የተጻፈ ካለ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።