የተራራዬ ወገብ ቀጠነ፣ ልፍታው?

ጥያቄ፦ ሰላም! ፍሬም ላይ ድር (ከላይ ወደ ታች የሚወጠረውን ክር) ወጥሬ በሱፍ ክር ተራራ፣ ሜዳና ሰማይ ያለበት የግድግዳ ጌጥ እየሰራሁ ነው። ስጀምር ወርዱ 40 ሳንቲሜትር ነበር፣ መሃል ላይ ስደርስ ብለካው 33! ሁለቱም ጎን ወደ ውስጥ ገብቶ መቀነት የታጠቀ መስሏል። ደሞ ደመቅ እንዲል ብዬ ሁሉንም በወፍራም ክር ስለሰራሁት ተራራው የቱ ሜዳው የቱ እንደሆነ አይለይም። ልፍታው ወይስ ልቀጥል?
ግራ የገባት

መልስ፦ ኧረ ቆይ፣ ሁሉንም አትፍቺ! ወርዱ መጥበብ እስከጀመረበት ድረስ ብቻ ፍቺው። የጠበበው ማጉን (ድሩን አቋርጦ ወደ ጎን የሚያልፈውን ክር) ወጠር አድርገሽ ስላሳለፍሽው ነው፣ ማግ በድሩ ላይና ታች እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ ከስራው ወርድ የበለጠ ክር ይፈልጋል፣ ካላገኘ የዳሩን ድር እየጎተተ ያመጣዋል። ስለዚህ ማጉን እንደ ቅስት ጎበጥ አድርገሽ አስተኚውና ከመሃል ጀምረሽ በሹካ ወደ ታች ጠቅጠቅ አድርጊው። በየ5 ሳንቲሜትሩ ለኪ ባክሽ፣ ዓይን ያታልላል።

እኔማ የባሰ ነው የሰራሁት፣ ለድር የሚለጠጥ የሹራብ ክር ተጠቅሜ ፍሬሙ ላይ እያለ ቆንጆ ነበር፣ ቆርጬ ሳወርደው ግን ድሩ ተሰብስቦ ተራራው በሙሉ ተጨማደደ! ለድር የማይለጠጥ ጠንካራ የጥጥ ክር ነው።

ወፍራሙን ክር በተመለከተ፣ ሁሉም ነገር ጎልቶ ከወጣ የሚጎላ ነገር የለም። ሰማዩን በቀጭን ክር ለጥ አድርገሽ ስሪው፣ የሩቁን ተራራ ፈዘዝ ባለ ሰማያዊ ወይ ግራጫ፣ ጎልቶ የሚወጣውን ወፍራም ክርና ዘርፉን ለቅርቡ ሜዳ አስቀሪ። ለሳሩ አጫጭር ክር ቆርጠሽ በሁለት ድር ላይ ታስቀምጪና ሁለቱን ጫፍ በድሮቹ ጀርባ አዙረሽ በመሃላቸው ወደ ፊት ታወጫለሽ። ከእያንዳንዱ የሳር ረድፍ በኋላ ሁለት ሶስት ዙር ተራ ሽመና ካላስገባሽ ግን ቋጠሮው ይላላል (ይቺን ድመቴ ናት ያስተማረችኝ፣ ሳሩን በጥርሷ ነቅላ)።

ሁለት ቀለም ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚገናኝበት ቦታ ደሞ ክሮቹን እርስ በርስ ካላቆላለፍሻቸው መሃሉ ይሰነጠቃል። ተራራ ስለሆነ ድንበሩን ሰያፍ ማድረግም ይበቃል።

ፈትተሽም ዳሩ ትንሽ ከጠበበ፣ እዛ ጋ ሳር ደርድሪበት፣ የኔ እስካሁን ግድግዳ ላይ አለ ማንም አላወቀብኝም።