«እንሰፋለን» ካለች «እናሰፋለን» ለምን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ከብሎካችን ሥር ያለች ልብስ ሰፊ በሯ ላይ «ልብስ እንሰፋለን፣ እናሰፋለን፣ እናጠባለን» ብላ ለጥፋለች። ልጄ «እንሰፋለን ካለች እናሰፋለን ምን ይሠራል?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

መልስ፦ ልጅዎ ዓይኑ አያልፍም ማለት ነው። ሴትየዋ ግን እዚህ ላይ አልተሳሳተችም። ጣጣው የፊደላችን ነው፤ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አይጽፍም።

«ሰፋ» የምንለው ሁለት ግስ ነው። አንዱ በመርፌ የሚሠራው፣ በግእዝ «ሰፈየ»። ሌላው የጠበበ ተቃራኒ፣ በግእዝ «ሰፍሐ»። አማርኛ መጨረሻቸውን ዋጠውና መንታ መሰሉ። የልብሱ «ስፌት»፣ የቤቱ ደግሞ «ስፋት» ተብሎ ይለያል። «ሰፊ» ላይ ግን በጽሑፍ መልሰው ይገጥማሉ።

አሁን «እናሰፋለን»ን ድምፅዎን አውጥተው ያንብቡት። «ሰ» ከላላ የጠበበውን ማስፋት ነው፤ የሴትየዋም ይኸው ነው። ከጠበቀ ለሌላ ሰው ሰጥቶ ማሰፋት ነው። ለበዓል ቀሚስ «አሰፋሁ» ሲሉ «ሰ»ን ያጠብቃሉ፤ መርፌውን የያዘችው ሰፊዋ ናትና። ወፍረው ጎኑን «አሰፋሁት» ሲሉ ግን ይላላል። አሰፋ የሚባል ጎረቤት ካለዎት የእሱም ስም የላላው ነው።

በጽሑፍም የሚለዩበት ቦታ አለ። «ቀሚስ አሰፍቼ መጣሁ» አዲስ ቀሚስ ነው፤ «ቀሚሴን አስፍቼ መጣሁ» የጠበበው ነው። እኔ ራሴ አንዴ ለሰፊ በቴሌግራም «ኮት ማስፋት ፈልጌ ነበር» ብዬ ጻፍኩ። «የቱን ኮት?» አለኝ። አዲስ ነበር የፈለግኩት፤ «ማሰፋት» ማለት ነበረብኝ።

ደግሞ ስፌት የልብስ ብቻ አይደለም። ጫማ ይሰፋል፣ ቁስል ይሰፋል። መሶብም በስንደዶና በአክርማ፣ በወስፌ እየተወጋ ይሰፋል። «መሶብ ጎነጎነች» ሲባል ስሰማ ጆሮዬን ይቆረቁረኛል። እራፊ ግን ይጣፋል፣ የልብስ ጠርዝም ይዘመዘማል።

ለሴትየዋ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። ማጥበብ ከሆነ «እናጠብባለን» ብላ ብትጽፍ ይሻላል። አሁን ባለው አጻጻፍ ሕፃን ታቅፎ የሚመጣ እንዳይኖር።