«አናፖሊስ ካልሆነ ሌላ አልፈልግም»

ይድረስ ለምክር አምድ፦

ልጃችን 11ኛ ክፍል ናት። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ሐሳቧ አንድ ነው፤ አናፖሊስ የሚገኘው የባህር ኃይል አካዳሚ ገብታ መኮንን መሆን። ውጤቷ ጥሩ ነው፤ ዋናም ትወዳደራለች። «ሌላስ የት ታመለክቻለሽ?» ስላት ግን «አትችይም እያልሽኝ ነው» ብላ በሯን ትዘጋለች። አባቷ ትምህርቱ በነፃ መሆኑ ደስ ብሎት ለዕድሩ ሰው ሁሉ አውርቷል። እኔ ባይሳካ ባዶ እጇን እንዳትቀር እፈራለሁ። ሌላም የሚያሳስበኝ አለ። በ14 ዓመቷ ሳል አልለቅ ብሏት ሐኪም ኢንሄለር አዞላት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ነክታው አታውቅም። ደግሞም በዲቪ ስንመጣ የ7 ዓመት ልጅ ነበረች፤ አባቷ አምና ዜግነት ወሰደ፣ እሷና እኔ ግን አሁንም በግሪን ካርድ ነን። ሳላስቀይማት እንዴት ላግባባት? የትስ ታመልክት?

እናት ነኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦

እህቴ፣ ከዜግነቱ ልጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። አካዳሚው ዜጋ ያልሆነ የአሜሪካ ነዋሪ አይቀበልም። ነገር ግን ከ18 ዓመት በታች ሆና፣ ግሪን ካርድ ይዛ፣ ዜጋ ከሆነ ወላጇ ጋር እዚሁ የምትኖር ልጅ አባቷ ቃለ መሐላ የፈጸሙ ዕለት በሕግ ዜጋ ትሆናለች። ስለዚህ ልጅዎ የጎደላት ማስረጃው ብቻ ነው። የአባቷን የዜግነት ሰርተፊኬት፣ የእሷን ግሪን ካርድ፣ የልደት ምስክር ወረቀቷን ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር ይዛችሁ ፓስፖርት አውጡላት። የዜግነት ሰርተፊኬት የሚጠየቅበት ኤን-600 የሚባል ቅጽም አለ፤ እሱ ወጪውም ጥበቃውም ይበዛል። ከመሄዳችሁ በፊት የአባትና የአያት ስም በሁሉም ወረቀት ላይ በአንድ ፊደል መጻፉን አረጋግጡ። የእኛ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመላለሰው በዚህ ነው።

ወደ ኩርፊያው ልምጣ። ልጅቱ ያልተነገራት ነገር ቢኖር ብቁ መሆንና መግባት የተለያዩ መሆናቸው ነው። ለመግባት በአብዛኛው የሴናተር ወይም የኮንግረስ ተወካይ ኖሚኔሽን፣ ማለትም የእጩነት ጥቆማ፣ ያስፈልጋል። አንድ ተወካይ ደግሞ በአንድ ጊዜ አካዳሚው ውስጥ በስሙ የሚቆጠሩለት ተማሪዎች አምስት ብቻ ናቸው። አንድ ሲመረቅ አንድ ይተካል፤ ስለዚህ በአብዛኛው በዓመት የሚከፈትለት አንድ ቦታ ነው። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ደግሞ ጎበዝ ልጅ ሞልቷል። ይህን ሒሳብ ከእሷ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሥሩት። «አትችይም» ማለትና «ወንበሩ አንድ ነው» ማለት አንድ አይደሉም።

ቀጥሎ ይህን ይጠይቋት፦ «የምትፈልጊው መኮንንነቱን ነው ወይስ ግቢውን?» በሲቪል ዩኒቨርሲቲ እየተማረች አር.ኦ.ቲ.ሲ በሚባለው የባህር ኃይሉ የመኮንኖች ማሠልጠኛ ፕሮግራም ስኮላርሺፕ ብትሠለጥን ስትመረቅ የምታገኘው ማዕረግ ያው ኤንሳይን የሚባለው የመጀመሪያው የመኮንንነት ማዕረግ ነው። የአገልግሎት ግዴታውም እንደ አናፖሊስ አምስት ዓመት ነው። ለሚያኮርፍ ልጅ የሚሠራው ክርክር ግን ሌላ ይመስለኛል፦ ኖሚኔሽን የሚሰጡት ቢሮዎች በቃለ መጠይቅ «አናፖሊስ ባይሳካ ምን ታደርጊያለሽ?» ብለው መጠየቅ ይወዳሉ። «ሌላ አልፈልግም» የምትል ልጅ ሕንፃውን የወደደች ትመስላለች። «ለአር.ኦ.ቲ.ሲም አመልክቻለሁ፣ በሚቀጥለው ዓመትም እንደገና እሞክራለሁ» የምትል ግን አገልግሎቱን የምትፈልግ መሆኗ ይታያል። እንግዲህ ሌላ ኮሌጅ መያዟ ለራሱ ለአናፖሊስ ይጠቅማታል።

የስኮላርሺፑ ማመልከቻ ከአካዳሚው የተለየ ነው፤ አንዱን መሙላት ለሌላው አያገለግልም። የትምህርት ክፍያን ይሸፍናል፤ መኝታና ምግብን ግን አይሸፍንም። ይህ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ስለሆነ አባቷ «በነፃ ነው» ሲሉ ይህን ያስቡበት። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ለስኮላርሺፕ ተማሪዎች መኝታውን ራሳቸው ይሰጣሉ፤ ደውላችሁ ጠይቁ። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ደግሞ እዚህ ላይ ነው፦ ስኮላርሺፑ የሚሰጠው ለአንድ የተወሰነ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲው መቀበል አለመቀበሉን የሚወስነው ራሱን ችሎ ነው። ስለዚህ በስኮላርሺፑ ዝርዝር ላይ የምትጽፋቸው ሁሉ በእርግጥ ያመለከተችባቸው ይሁኑ፤ ቢያንስ አንዱ በእርግጠኝነት የሚቀበላት የሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ይሁን። ኮሌጅ ፓርክ ላለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የቅድሚያ ማመልከቻው የሚዘጋው ኖቬምበር 1 ነው፤ አብዛኛውን ተማሪ የሚቀበለውም ከዚያ ውስጥ ስለሆነ ይህ ቀን አይለፋት። ዩኒፎርም ለብሳ መዋል ከናፈቃት ቨርጂኒያ ቴክ የካዴቶች ኮር አለው፤ ለእናንተ ግን ከስቴት ውጪ ነውና ክፍያው ይከብዳል። ኮኔቲከት ያለው የኮስት ጋርድ (የባህር ጠረፍ ጥበቃ) አካዳሚ ደግሞ ኖሚኔሽን ጨርሶ አይጠይቅም፤ ብዙ የእኛ ቤተሰብ መኖሩን እንኳ አያውቅም።

የኢንሄለሩ ነገር ግን ከሁሉም ይበልጣል። ከ13ኛ ዓመት ልደት በኋላ አስም የታየበት አመልካች በሕክምና መስፈርቱ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው «ዌቨር» የሚባለው ልዩ ፈቃድ ነው። አካዳሚውንም አር.ኦ.ቲ.ሲውንም የሚመረምረው ያው አንድ የመከላከያ የሕክምና ቦርድ ነው፤ ዌቨሩን ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም ለብቻው ይወስናል። በመሆኑም አር.ኦ.ቲ.ሲ ብቻውን መጠባበቂያ አይሆናትም። ሳንባዋ አናፖሊስን ከዘጋባት እሱንም ሊዘጋባት ይችላልና። አሁኑኑ የሐኪሙን ሙሉ መዝገብ አስወጡና አንብቡት። «አስም» የሚል ምርመራ ተጽፏል ወይስ ኢንሄለሩ ለብሮንካይትስ ነው የታዘዘው? ልዩነቱ ትልቅ ነው። የሳንባ አቅም ምርመራም አስደርጉና ውጤቱን ያዙ። መደበቅ ግን አይታሰብ፤ የፋርማሲ መዝገብ ይገኛል፣ የተዋሸበት ቅጽ ደግሞ ከአስም የባሰ ነው።

ስለዚህ ከዝርዝሯ ላይ ወታደር የሌለበት አንድ ኮሌጅ ይኑር፦ የምትወደው ትምህርት ያለበት፣ እናንተ ያለ ስኮላርሺፕ የምትችሉት። እሱን ራሷ ትምረጠው፤ እናንተ ከመረጣችሁላት ኩርፊያው ይመለሳል።

ጊዜው እንዲህ ነው። በአሜሪካው ጸደይ (ከማርች እስከ ሜይ) ለሁለቱም ሴናተሮችና ለተወካያችሁ ቢሮ ለሦስቱም ትጻፍ፤ አንዱን ብቻ መጠየቅ ሁለት በር መዝጋት ነው። ብዙዎቹ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር ይዘጋሉ። በበጋ ዕረፍቱ (ከጁን እስከ ኦገስት) የስኮላርሺፑን ማመልከቻ ትሙላ። የአካል ብቃት ፈተናውንም ከአሁኑ ትለማመድ፤ ዋናተኛ ናት፣ ግን ተንበርክኮ ቅርጫት ኳስ መወርወርና ፑል-አፕ በዋና አይገኝም። የአካዳሚው ማመልከቻ ጃንዋሪ 31 ይዘጋል።

መልሱ «አይሆንም» ከሆነ ኮሌጅ ገብታ ካልኩለስ፣ ኬሚስትሪና እንግሊዝኛ ትውሰድና እንደገና ታመልክት፤ ኖሚኔሽኑንም እንደ አዲስ መጠየቅ አለባት። ስትገባ ከአንደኛ ዓመት እንደምትጀምር ግን ትወቅ። አካዳሚው ራሱ ሮድ አይላንድ ወዳለው የአንድ ዓመት መሰናዶ ትምህርት ቤቱ ሊጠራትም ይችላል፤ ለእሱ የተለየ ማመልከቻ የለም።

ኮሌጆቹ ውሳኔ የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ነው፤ የአካዳሚው መልስ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ያን ቀን የአንዱን ኮሌጅ ዲፖዚት ክፈሉ። አናፖሊስ በኋላ ቢጠራት ገንዘቡ አይመለስም፤ ይህን ለአባቷ ከአሁኑ ይንገሯቸው።