ነገ የሚመጣው ሰውዬ ሴፍቲ ቫልቭሽን እንዳይነካ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለገጣፎ፣ 80 ሊትር ቦይለር፣ ከተገጠመ ሦስት ዓመቱ፣ አንዴም ታጥቦ አያውቅም። ሙቅ ውሃው ቡናማ ነው፣ ሲሞቅ ይንኳኳል፣ ከሥሩ ያለው ሴፍቲ ቫልቭ (የግፊት ማስተንፈሻው) ደግሞ ጠዋት ጠዋት ይንጠባጠባል። ቧንቧ ሠራተኛው «ቫልቩ ስለተበላሸ አውጥቼ በቀጥታ ላገናኘው» ብሎሻል፣ ነገም ይመጣል። አንቺ የጠየቅሽው ማጠቡን ራሳችን እንችለዋለን ወይ ነው።

ትችሉታላችሁ። ቫልቩን ግን እንዳታስነኪ። እኔ የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ህዳርና ታህሳስ ሣሩ ላይ ውርጭ በሚያድርበት አገር። እዚህ ሙቅ ውሃ ቅንጦት አይደለም። እኔም ይቺኑ የሠራተኛሽን ምክር ሰምቼ ነው ጉድ የሆንኩት።

1. መጀመሪያ ቀዝቃዛውን ቧንቧ ክፈቺና ውሃውን በብርጭቆ ቅጂ። እሱም ቡናማ ከሆነ ቦይለሩን አትውቀሺው፣ ጥፋቱ የሮቶው ነው። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ መስመር ውስጥ የተኛውን ዝገትና ደለል ጠራርጎ ይዞ ይመጣል፣ ሮቶው ሥር ይተኛል። የለገዳዲን ግድብ አፍንጫችሁ ሥር አስቀምጣችሁ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ውሃ ይመጣል ማለትሽ ግን አሳቀኝ። አንቺን እንደማያስቅሽ አውቃለሁ። ቀዝቃዛው ንጹህ ሆኖ ሙቁ ብቻ ከደፈረሰ ቆሻሻው ቦይለሩ ውስጥ ነው። የመንኳኳቱ ነገር ደግሞ ኤለመንቱ (ውሃውን የሚያሞቀው ብረት) ላይ የጋገረው ኖራ ነው። ውሃው በኖራው ሥር እየገባ ይፈላና እንደ ፈንዲሻ ይፈነዳል። የጉድጓድ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ በደንብ ይብሳል።

2. ሮቶው ሙሉ ባልሆነበት ቀን እንዳትጀምሪው። ለማጠብም፣ መልሶ ለመሙላትም ውሃ ያስፈልግሻል። ብሬከሩን ደግሞ ከዋናው ሳጥን አጥፊው። የሻወር ቤቱን ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ጠቅ አድርጎ ሽቦ መፍታት አይቻልም። ከዚያም በላይ ኤሌክትሪኩ መጥፋቱን በቴስተር አረጋግጪ።

3. ውሃው የሚፈሰው በዚያው በሴፍቲ ቫልቩ በኩል ነው። ከጎኑ ትንሽ እጀታ አለችው፣ እሷን ወደ ላይ ስታነሺያት በአፉ ይለቃል። እኛ ቤት ያን ጊዜ እጀታዋም ቫልቩም አልነበሩም።

ሁለት ዓመት ይሆነዋል። የእኛም እንዳንቺው ይንጠባጠብ ነበር። ባለቤቴ ሥሩ ቆርቆሮ ማስቀመጥ ሰለቻት። የሰፈር ልጅ ጠራሁ። መሰላል ላይ ወጣ፣ በጣቱ ነካ አደረገውና «ይሄ ሞቷል» አለ። በአሥር ደቂቃ ቫልቩን አውጥቶ በምትኩ አጭር ኒፕል (የቧንቧ መቀጠያ) አስገባ። 800 ብር ተቀበለ። ቫልቩን ልጄ መጫወቻ አደረገው። ጠብታው ቀጥ አለ። ደስ ብሎኝ የልጁን ስልክ ለጎረቤት ሁሉ አደልኩ። (ጎረቤቶቼ፣ ይቅርታ።)

ከዚያ ውሃ ጠፋ። አራት ቀን። ሮቶው ሙልጭ አለ። ውሃ ሲጠፋ የምናደርገውን ታውቂዋለሽ፦ ሌሊት ቢመጣ እንዳያመልጠን የግቢውን ቧንቧ ከፍተን ሥሩ ጀሪካን እንደቅናለን። በአራተኛው ቀን ማታ 2 ሰዓት ገደማ አማቴ ከግቢ ተጣሩ። «ኑ፣ ውሃ መጣ! ለብ ያለ ነው ደግሞ፣ እግዜር ሲሰጥ አሙቆ ነው!» ወጣሁ። እጄን ከሥሩ አደረግሁት። እውነትም ሞቅ ያለ። ቀጠን ብሎ ይወርዳል። ሦስት ጀሪካን ሞላን፣ አራተኛው ከሥሩ ትንሽ እንደያዘ ቆመ። አማቴ እግራቸውን ታጠቡበት፣ መረቁንም። ማታ 2 ሰዓት ላይ፣ ሱሉልታ ውስጥ፣ የመንገድ ውሃ በምን ሞቆ ይመጣል ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እኔን ጨምሮ።

የሆነው እንዲህ ነው። ልጄ ሻወር ቤት ገብቶ ሙቁን ቧንቧ ከፍቶታል። ውሃ የለም። ሳይዘጋው ወጣ። በዚያ ክፍት ቧንቧ አየር ከላይ ቦይለሩ ውስጥ ገባ። የግቢው ቧንቧ ከቦይለሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ክፍትም ነው። ስለዚህ ቦይለሩ ውስጥ የነበረው ውሃ በገባበት በቀዝቃዛው መስመር ተመልሶ ወረደ። ይህ እንዳይሆን የሚከለክለው ያ «ሞቷል» የተባለው ቫልቭ ነበር። ውሃ እንዲገባ እንጂ ተመልሶ እንዳይወጣ የሚያደርግ ክዳን ውስጡ አለ። እኛ አውጥተን ለሕፃን ሰጥተነዋል።

ብሬከሩ በርቶ ነበር። ኤለመንቱ ባዶ ጋን ውስጥ ጋለ። ሌሊት የተቃጠለ ሽታ ቀሰቀሰን። ብሬከሩ ራሱን አጥፍቶ አገኘሁት።

የዋስትና ወረቀቱ ሁለት ዓመት ይላል፣ ገና አንድ ዓመት ከአራት ወሩ ነበር። ቦይለሩን አስወርጄ፣ መኪና ተከራይቼ የገዛሁበት ሱቅ ወሰድኩት። ባንኮኒው ላይ ያለው ሰውዬ ከስልኩ ቀና አላለም። አንዴ ቴክኒሻኑ የለም፣ አንዴ ማህተሙ አይነበብም እያለ ሁለት ጊዜ መለሰኝ። ሲሸጥልኝ ወንበር ስቦ ያስቀመጠኝ ሰው ነው። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ገልብጦ፣ ጀርባው ላይ በጉንዳን ፊደል የተጻፈች መስመር በእስክሪብቶው ነካ ነካ አደረገ። ያለ ሴፍቲ ቫልቭ ከተገጠመ ዋስትናው አይሠራም። ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው ያበሸቀኝ። አዲስ ኤለመንትና ቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ) ከዚያው ከእሱ ገዛሁ።

አሁን ስለ ጠብታው ልንገርሽ። ውሃ ሲሞቅ ይጨምራል። 80 ሊትር ከ20 ዲግሪ ወደ 65 ሲደርስ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ይተርፋል። በመጣበት እንዳይመለስ ክዳኑ ይዞታል፣ ቧንቧውም ዝግ ነው። ስለዚህ ግፊቱ ሲበዛ ቫልቩ ትርፉን በጠብታ ያስወጣል። አብዛኛው ላይ 8 ባር የሚል ታገኛለሽ፣ የሚከፍትበት የግፊት ልክ ነው። ጠዋት ስታበሪው ተንጠባጥቦ ሞቆ ሲያበቃ ከቆመ፣ ጤነኛ ነው። ሥራውን እየሠራ ነው። ቦይለሩ ጠፍቶ ቀዝቅዞም ቀኑን ሙሉ ከፈሰሰ ያኔ በአዲስ ይቀየራል። ይቀየራል አልኩሽ፣ አይወጣም። አፉን በቡሎን የደፈነ ሰውም አይቻለሁ። እሱን ቤት ሻወር አልወስድም።

ወደ ማጠቡ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ መስከረም ላይ ራሴ ነኝ የማጥበው። ማታ ብሬከሩን አጥፍቼ አሳድረዋለሁ፣ ምክንያቱም ትኩስ ውሃ በጎማ ሲመጣ ቀልድ የለም። ጠዋት ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ቀዝቃዛ መስመር እዘጋለሁ። ጎማ ቫልቩ አፍ ላይ አስሬ እጀታዋን አነሳለሁ። መጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ፈሰሰና ቆመ። ተደፍኗል ብዬ ግማሽ ቀን በሽቦ ስጎረጉር ዋልኩ። ለካ የሻወሩን ሙቅ ቧንቧ አልከፈትኩም። ከላይ አየር ካልገባ ከታች ውሃ አይወጣም። ከፈትኩት፣ ወዲያው ጎርፎ መጣ። ሁሉም እስኪወርድ አንድ ሰዓት አካባቢ ይፈጃል፣ ቡና አፍሊ።

ከዚያ የቦይለሩ የታችኛው ክዳን ይፈታል። ሽቦዎቹን ሳትፈቺ ፎቶ አንሺያቸው። ዳዶዎቹን ስትፈቺ ሥሩ ሳፋ ይኑር፣ ባዶ ነው ብለሽ ያሰብሽው ጋን ገና ሁለት ሦስት ሊትር ጭቃ ይተፋብሻል። ኤለመንቱን አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈሽ አሳድሪው፣ ኖራው እንደ እንቁላል ቅርፊት ይረግፋል። በካቻቢቴ እንዳትፍቂው። የጋኑንም ውስጥ እንዲሁ፣ ሽፋኑ ከተላጠ ዝገቱ ይጀምራል። ከኤለመንቱ አጠገብ የማግኒዝየም ዘንግ አለ፣ ጋኑ እንዳይዝግ እሱ በጋኑ ፈንታ ተበልቶ ያልቃል። አዲሱ አውራ ጣት ያህል ይወፍራል። የእኔ ሲወጣ ሽቦ ሆኖ ነበር። በሦስት ዓመት የአንቺም እንደዚያው ሆኖ ሊሆን ይችላልና ከነጎሚኒው (ከክዳኑ ላስቲክ ጋር) ቀይሪው፣ ጎሚኒው ርካሽ ነው።

ስትመልሺ ሙቁን ቧንቧ ክፍት አድርገሽ ቀዝቃዛውን ልቀቂ። መጀመሪያ እየተንፈቀፈቀ አየር ይተፋል። አየሩ አልቆ ውሃው ሳይቆራረጥ መውረድ እስኪጀምር ጠብቂ። ብሬከሩ የሚከፈተው ያኔ ብቻ ነው። እኔ ስሠራ ሳጥኑ ላይ «እንዳትነኩ» ብዬ ወረቀት ለጥፌ፣ አማቴን ደግሞ ጠባቂ አደርጋቸዋለሁ። ወረቀቱን ማንም አያነበውም፣ እሳቸውን ግን ማንም አያልፋቸውም።

ቴርሞስታቱን 60 ላይ አድርጊው። ጥግ ላይ ሲደረግ ኖራው ቶሎ ይጋግራል፣ መብራትም ይበላል።

ሰውዬው በስንት ሰዓት እንደሚመጣ አልጻፍሽም። ከመምጣቱ በፊት የቦይለሩን ሥር ከቅርብ ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊው። ቫልቩ ላይ ቀስት አለ፣ ወደ ቦይለሩ ማመልከቱን አብረን እናያለን። ገልብጦ የገጠመም አጋጥሞኛል።